ቫን ኒስትልሮይን ማን ይወደዋል? ለምንስ?

ኦክቶበር 2024 መጨረሻ ላይ ማንችስተር ዩናይትድ ኤሪክ ቴን ሃግን ሲያሰናብት ቡድኑ በፕሪሚየር ሊጉ ሰንጠረዥ 14ኛ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክለቡ አዲስ አሰልጣኝ እስኪመጣ ድረስ ቡድኑን ለረዳቱ፣ ለቀድሞው የክለቡ አጥቂ ለሩድ ቫን ኒስትልሮይ ሰጠው። ሌስተር ሲቲን በሊግ ካፕ 5 ለ 2 አሸነፈ፤ ከቼልሲ ጋር 1 ለ 1 ወጣ፤ ፓኦክን በኢሮፓ ሊግ 2 ለ 0 ረታ፤ ሌስተርን እንደገና በሊጉ 3 ለ 0 ሸኘ። አራት ጨዋታ፣ ሦስት ድል፣ አንድ አቻ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተጀምሮ ያለቀ ሥራ ነው፤ ከተጋጣሚዎቹም ከበድ የሚለው ቼልሲ ብቻ ነበር። ኦልድ ትራፎርድ ግን የተቀበለውም የሸኘውም ዋንጫ ይዞ እንደመጣ ሰው ነው።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያው ሁለት ጊዜ ያሸነፈው ሌስተር ቋሚ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። የዚያ ሥራ ውጤት ሊሸፋፈን አይችልም። ሌስተር በገዛ ሜዳው ዘጠኝ የሊግ ጨዋታዎችን በተከታታይ፣ ያውም አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተሸነፈ። በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ታሪክ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ነገር ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 2025 በሊቨርፑል 1 ለ 0 ሲረታ ወደ ታችኛው ሊግ መውረዱ ተረጋገጠ።

ይህ ሁሉ ሆኖም የዩናይትድ ደጋፊ ፊት የቫን ኒስትልሮይ ስም ሲነሳ ይፈካል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ በክለቡ በቆየባቸው አምስት ዓመታት የሊጉን ዋንጫ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳ፣ የቻምፒየንስ ሊግን ፍጻሜ ያልተጫወተ፣ ከአሰልጣኙ ጋር ተጣልቶ የወጣ፣ በአሰልጣኝነቱም ክለብ ያወረደ ሰው እንዴት እንዲህ ሊወደድ ቻለ? ብዙ ሰው «ግብ ስለሚያገባ» ብሎ ያልፈዋል። ግብ ማግባት ብቻውን ግን አያስወድድም። ብዙ አግብተው የተረሱ አጥቂዎች ሞልተዋል። የቫን ኒስትልሮይ ተወዳጅነት ከዋንጫ ብዛት ጋር ዝምድና የለውም፤ የተሠራው ከሌላ ነገር ነው። ያ ነገር ደግሞ ስለ አሰልጣኝነት ችሎታው ምንም አይነግረንም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጉልበቱ ነው። ቫን ኒስትልሮይ በ1976 በደቡባዊ ኔዘርላንድስ በኦስ ከተማ ተወልዶ ጌፈን በምትባል መንደር አደገ። በአያክስ አካዳሚ ተኮትኩቶ በ17 ዓመቱ ስሙ የገነነ ልጅ አልነበረም። የጀመረው በታችኛው ዲቪዚዮን በሚጫወተው በዴን ቦሽ ነው፤ ወደ አጥቂነት የተዛወረውም እዚያው እያለ ነው። በሄረንቪን አንድ ዓመት ቆይቶ በ1998 ፒኤስቪ አይንድሆቨን ሲገባ በመጀመሪያው ዓመት በ34 የሊግ ጨዋታዎች 31 ግቦች አስቆጠረ። በ2000 የጸደይ ወራት ማንችስተር ዩናይትድ ሊያስፈርመው ተዘጋጀ። የሕክምና ምርመራው ግን በጉልበቱ ላይ ጥርጣሬ አስነሳና ዝውውሩ ተቋረጠ። ወዲያው በፒኤስቪ ልምምድ ላይ የዚያው ጉልበት ጅማት ተበጠሰ። መሬት ላይ ወድቆ ሲጮህ የሚያሳየው ምስል በቴሌቪዥን ዓለምን ዞረ። የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ የዩሮ 2000 ውድድር ደግሞ በገዛ አገሩ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል።

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ኔዘርላንድስ ድረስ ሄደው ጠየቁት፤ እንደሚጠብቁትም ነገሩት። ቃላቸውንም አላጠፉም። በኤፕሪል 2001፣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ19 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረሙት፤ በወቅቱ የብሪታኒያ የዝውውር ክብረ ወሰን ነበር። ስለዚህ ቫን ኒስትልሮይ ኦልድ ትራፎርድ ሲደርስ ደጋፊው ታሪኩን ያውቀዋል። ሲወድቅ አይተውታል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቀውታል። ገና አንድ ኳስ ሳይነካ የእነርሱ ሆኗል። በመጀመሪያው የሊግ ጨዋታ በፉልሃም ላይ ሁለት ሲያገባና ዩናይትድ 3 ለ 2 ሲያሸንፍ የተጠበቀው ሰው እንደሚገባው ሆኖ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ማለፊያ ነው። በ219 ጨዋታዎች 150 ግብ። በመጀመሪያው ዓመት 36፣ በሁለተኛው 44። በ2002 እንግሊዝ ውስጥ የሚጫወቱ ባልደረቦቹ የዓመቱ ኮከብ ብለው መረጡት። በ2003 በ25 የሊግ ግቦች ቲየሪ ኦንሪን በአንድ ግብ ቀድሞ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በቻምፒየንስ ሊግ ከፒኤስቪ እስከ ሪያል ማድሪድ ድረስ በ73 ጨዋታዎች 56 ግብ አለው።

እኔን ከእነዚህ ሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ለዩናይትድ ካስቆጠራቸው 150 ግቦች መካከል ከቅጣት ክልሉ ውጭ የተመታው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት 149 በሙሉ ከክልሉ ውስጥ ናቸው። ይህን ሰምተው «ታዲያ የሰው ልፋት ላይ የቆመ ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በቅጣት ክልል ውስጥ ቦታ ማግኘት በሜዳው ላይ ካሉ ሥራዎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሁለት ተከላካዮች የሚኖሩት ያንን ቦታ ለመንሳት ነው። ቫን ኒስትልሮይ ዴቪድ ቤካም በቀኝ መስመር ኳስ ሲይዝ መጀመሪያ ከግቡ ይርቃል፤ ተከላካዩ አብሮት ይሸሻል። ከዚያ ኳሱ ከቤካም እግር ከመውጣቱ በፊት ወደ ቅርቡ ቋሚ ይዞራል። ተከላካዩ ሲነቃ አንድ እርምጃ ዘግይቷል። የቀረው በትከሻ መያዝና በአንድ ንክኪ መጨረስ ነው። ይህንን በ90 ደቂቃ ውስጥ አሥር ጊዜ ሠርቶ ዘጠኙ በከንቱ ሲቀርም ሳይሰለች አሥራ አንደኛውን ይጀምራል። ተመልካች የሚያየው አሥራ አንደኛውን ነው፤ ዕድለኛ የሚያስመስለውም ይኸው ነው። ደግሞ ቢፈልግ ሌላም ይችል ነበር፦ በማርች 2003 ፉልሃም ላይ ከሜዳው አጋማሽ አካባቢ ተነስቶ ተከላካዮችን እየጣለ ሄዶ ያገባትን ያየ ሰው ይህን አይከራከርም።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያት እንምጣ፤ እርሱም ጊዜ ነው። ዩናይትድ በ1999፣ በ2000 እና በ2001 ሊጉን በተከታታይ አነሳ። ቫን ኒስትልሮይ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ2006 ሄደ። ዩናይትድ ከዚያ በ2007፣ በ2008 እና በ2009 ሊጉን እንደገና በተከታታይ አነሳ፤ በ2008 የአውሮፓ ሻምፒዮንም ሆነ። ሰውየው በሁለት የድግስ ዘመናት መካከል ባለው የጾም ወቅት የተጫወተ ነው ማለት ነው። እርሱ በነበረባቸው አምስት ዓመታት አርሰናል ሁለት ጊዜ፣ ቼልሲ ሁለት ጊዜ ሊጉን ወሰዱ፤ ለዩናይትድ የተረፈው የ2003ቱ ብቻ ነው።

ይህ ተወዳጅነቱን የሚቀንስ ይመስላል። እንዲያውም ያበዛው ይኸው ነው። ሁሉም ነገር በሚሳካበት ቡድን ውስጥ ምስጋናው ለብዙ ሰው ይከፋፈላል፤ የ1999ኙን ድል ለማውሳት ስንት ስም መጥራት ያስፈልጋል! ሮይ ኪን እያረጀ፣ ቤካም ወደ ማድሪድ ሄዶ፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶና ዌይን ሩኒ ገና ልጆች በነበሩባቸው ዓመታት ግን ደጋፊው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ዓይኑን የሚጥለው በአንድ ሰው ላይ ነበር። ያ ሰው ደግሞ አላሳፈረውም። ዋንጫ ባይመጣ ግቡ ይመጣል። ከባዶ እጅ ያዳነ ሰው ከባለጸጎች መካከል አንዱ ከነበረው የበለጠ ይታወሳል።

ሁለተኛው ነገር ጠላት ነው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 2003 አርሰናል ኦልድ ትራፎርድ መጣ። ጨዋታው 0 ለ 0 እያለ ፓትሪክ ቪዬራ በቫን ኒስትልሮይ ላይ እግሩን በመሰንዘሩ በሁለተኛ ቢጫ ካርድ ወጣ፤ አርሰናሎች «አጋነነው» ብለው ነደዱ። በጭማሪው ሰዓት ዩናይትድ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። ቫን ኒስትልሮይ መታት፤ ኳሷ የግቡን አግዳሚ መታ ተመለሰች። የአርሰናሉ ተከላካይ ማርቲን ኪዎን ዘሎ ፊቱ ላይ ሲጮህበት የተነሳው ፎቶ ዛሬም ድረስ ይዞራል። ያቺ ኳስ ብትገባ ኖሮ በዚያ ዓመት 38 ጨዋታ ሳይሸነፍ የጨረሰው የአርሰናል ቡድን አይኖርም ነበር።

ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2004፣ አርሰናል 49 የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ እዚያው ሜዳ ተመለሰ። እንደገና 0 ለ 0። እንደገና ለዩናይትድ ፍጹም ቅጣት ምት። እንደገና ቫን ኒስትልሮይ። ይህኛውን አገባው። ሩኒ በልደቱ ቀን ሁለተኛውን ጨመረና የአርሰናል ጉዞ አበቃ። ግቡን ካስቆጠረ በኋላ ቫን ኒስትልሮይ ተንበርክኮ ሲጮህ ያየ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያቺን አግዳሚ ተሸክሟት እንደኖረ ይገባዋል። የአርሰናል ደጋፊ ይጠላዋል፤ ለዩናይትድ ደጋፊ ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት የለም።

እኛም ዘንድ የእርሱ ስም ሕያው ሆኖ የቆየው በዚሁ ሰበብ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ የእንግሊዝን ሊግ በቴሌቪዥን እየተከታተለ ያደገው ትውልድ ክርክሩን የተማረው በዩናይትድና በአርሰናል መካከል ነው፤ በኳስ ማሳያ ቤት ወንበር ላይ ተጨናንቆ። የዚያን ዘመን ጨዋታዎች የሚያወሳ የአዲስ አበባ አርሰናል ደጋፊ ኪዎንን፣ ዩናይትዱ ደግሞ የኋለኛዋን ፍጹም ቅጣት ምት ያነሳል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው።

አወጣጡ አስቀያሚ ነበር። በፌብሩዋሪ 2006 በሊግ ካፕ ፍጻሜ ዩናይትድ ዊጋንን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ፈርጉሰን ቫን ኒስትልሮይን ከተጠባባቂ ወንበር አላስነሱትም፤ እርሱም ንዴቱን አልደበቀም። በልምምድ ከወጣቱ ሮናልዶ ጋር ተጋጨ። በሜይ ወር፣ በዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከቡድኑ ዝርዝር መውጣቱን ሲሰማ ጨዋታው ሳይጀመር ስታዲየሙን ጥሎ ሄደ። በዚያው ክረምት ለሪያል ማድሪድ ተሸጠ። ደጋፊ እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አይተውም፤ ለእርሱ ግን ተወለት። አንደኛ፣ የሄደው ወደ ስፔን እንጂ ወደ ሊቨርፑል ወይም ወደ አርሰናል አይደለም። ሁለተኛ፣ ስለ ክለቡ ክፉ ሲናገር አልተሰማም። ሦስተኛ፣ ፈርጉሰን በኋላ እንደጻፉት በ2010 ስልክ ደውሎ ስለዚያ የመጨረሻ ዓመት ጠባዩ ይቅርታ ጠየቃቸው። ማድሪድ ላይ በመጀመሪያው ዓመት በ25 ግብ የስፔን ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ሁለት ጊዜ ሊግ ማንሳቱም ረድቷል፤ «ያልቅበታል ብለን ሸጥነው» የሚል ቁጭት ጥሎ ሄደ።

ይህን ከሌላው የኔዘርላንድስ አጥቂ፣ ከሮቢን ቫን ፐርሲ ጋር ማስተያየት ነገሩን ያበራዋል። ቫን ፐርሲ አርሰናል ውስጥ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በመጨረሻው ዓመት 30 የሊግ ግብ አግብቶ በ2012 ወደ ማንችስተር ዩናይትድ ተሻገረ። በመጀመሪያው ዓመት 26 ግብ አስቆጥሮ ክለቡን ሻምፒዮን አደረገ። በዋንጫ ከተለካ ለዩናይትድ የዋለው ውለታ ከቫን ኒስትልሮይ አያንስም። ፍቅሩ ግን እኩል አይደለም። በአርሰናል ሰፈር ስሙ ሲነሳ ፊት ይጠቁራል፤ በማንችስተር ደግሞ ይመሰገናል እንጂ እንደ ልጅ አይታይም፤ የደረሰው ድግሱ ተሰናድቶ ነው። በ2025 ፌይኖርድን ለማሠልጠን ሲመጣ ያሞቀው ሌላ ፍቅር ነው፤ ያደገበት ክለብ ስለሆነ።

የቫን ኒስትልሮይ የገዛ አገሩስ? እዚያ ይከበራል፤ ነገር ግን ማንችስተር ላይ የሚታየው ዓይነት ሙቀት የለም። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ለብሔራዊ ቡድኑ በ70 ጨዋታ 35 ግብ ቢያስቆጥርም ዩሮ 2000ን ጉልበቱ ነሳው፤ ለ2002ቱ የዓለም ዋንጫ ኔዘርላንድስ አላለፈችም፤ በ2006 ደግሞ ከፖርቱጋል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ አሰልጣኙ ወንበር ላይ አስቀምጠውት ኔዘርላንድስ 1 ለ 0 ተሸንፋ ወጣች። አሰልጣኙ ማርኮ ቫን ባስተን ነበሩ፤ በ1988 አገሪቱን የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረጓት ታላቁ አጥቂ። ኔዘርላንድሳዊ የአጥቂውን ልክ የሚለካው በ1988ቱ ቫን ባስተን ነው፤ በዚያ ሚዛን ለመቀመጥ ደግሞ እንደ አውሮፓ ዋንጫ ያለ ውድድር ማሸነፍ ያስፈልጋል።

ቫን ባስተን በአሰልጣኝነት ብዙ አልገፉም። ብሔራዊ ቡድኑን ለአራት ዓመት፣ አያክስን ለአንድ ዓመት ያህል ይዘው ለቀቁ፤ በ2014 ደግሞ በአዜድ አልክማር ሳሉ ጭንቀቱ ጤናቸውን ስለነካው ዋና አሰልጣኝነቱን ተዉ። ታላቅ አጥቂ ታላቅ አሰልጣኝ የማይሆንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይነሳል። እኔ የማምንበት ይህን ነው፦ የግብ አዳኝ ዕውቀት ከአንድ ሰው አካል ውስጥ የማይወጣ ዕውቀት ነው። መቼ መዞር እንዳለበት ቫን ኒስትልሮይ ያውቀዋል፤ ለሌላው ሊያሳየውም ይችላል። አሰልጣኝነት ግን ባብዛኛው ኳሱ እርሱ ያለበት ቦታ እስኪደርስ ድረስ ያለው ነገር ነው፤ ከግብ ጠባቂው እስከ መስመር ተጫዋቹ ያለው ሥራ። አጥቂው በጨዋታ ዘመኑ ያንን ሲሠሩለት ኖሯል።

እንዲያም ሆኖ ቫን ኒስትልሮይ ባዶ አሰልጣኝ አይደለም፤ ነው ማለት ግፍ ነው። በፒኤስቪ ወጣቶች ዘንድ ለዓመታት ሠርቷል። በ2022–23 ዋናውን ቡድን ይዞ የኔዘርላንድስ ሱፐር ካፕን አያክስን 5 ለ 3፣ የአገሪቱን ዋንጫ ደግሞ ያንኑ አያክስን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ወሰደ። በዓመቱ አጋማሽ ኮዲ ጋክፖ ለሊቨርፑል፣ ኖኒ ማዱኬ ለቼልሲ ተሸጠውበት ሳለ ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ሊጨርስ ነበር። አንድ ጨዋታ ሲቀረው ግን በክለቡ ውስጥ በቂ ድጋፍ አላገኘሁም ብሎ ለቀቀ። በቀጣዩ ዓመት ፒተር ቦስ በዚያው ክለብ ሊጉን አነሱ።

ሌስተር ላይም ችግሩ ሁሉ የእርሱ አልነበረም። ክለቡ ከሁለተኛው ዲቪዚዮን ገና መምጣቱ ነበር፤ ያሳደጉት አሰልጣኝ ኤንዞ ማሬስካ ወደ ቼልሲ ሄደው፣ ዋናው የመሐል ተጫዋች ኪርናን ድዩስበሪ-ሃልም ተከትሏቸዋል። ቢሆንም 27 ጨዋታ መርቶ 5 ብቻ ማሸነፍ በማንም መዝገብ ላይ ጥሩ አይመስልም።

ክለቦች በዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ተወዳጅ የቀድሞ ተጫዋችን ወደ አሰልጣኝነት ማምጣት በሰፈር ሱቅ ዱቤ እንደመውሰድ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ሒሳብ አይጠይቅም፣ ደጋፊው ይታገሳል፣ ተጫዋቹ ይነቃቃል። የዩናይትድ የቀድሞ አጥቂ ኦሌ ጉናር ሶልሻየር በዲሴምበር 2018 በጊዜያዊነት መጥቶ ከመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች 14ቱን ሲያሸንፍ ያየነው ይህንኑ ነው። ዩናይትድ ያን አይቶ ቋሚ አደረገው፤ ሒሳቡ በ2021 መጣ፤ ተሰናበተ። ስለዚህ አዲሱ የዩናይትድ አሰልጣኝ ሩበን አሞሪም በኖቬምበር 2024 ሲመጡ ቫን ኒስትልሮይን ከረዳቶቻቸው አለማካተታቸው ብዙ ደጋፊ ቢያስከፋም፣ ውሳኔው ለእኔ ትክክል ነበር። አዲስ አሰልጣኝ ሁለት ጨዋታ በተሸነፈ ቁጥር ስታዲየሙ የሚዘምርለት ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ሊሠራ አይችልም።

ሌስተር ደግሞ ስሙን ሲቀጥር ፍቅሩን መግዛት አልቻለም፤ ፍቅሩ የማንችስተር ነውና። የሌስተር ሜዳ ኪንግ ፓወር ስታዲየም የራሱ ሰው ነበረው። አጥቂው ጄሚ ቫርዲ በኖቬምበር 2015 በ11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች ግብ በማስቆጠር ቫን ኒስትልሮይ በ10 ይዞት የነበረውን የፕሪሚየር ሊግ ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ የሰበረውም በማንችስተር ዩናይትድ ላይ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሁለቱ በአንድ ቡድን ተገናኙ፤ በቫን ኒስትልሮይ የመጀመሪያ ጨዋታ ዌስትሃምን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ የመጀመሪያዋን ግብ ያገባው ቫርዲ ነበር። ሜይ 18 ቀን 2025 ቫርዲ ለሌስተር 500ኛውንና የመጨረሻውን ጨዋታ አድርጎ 200ኛ ግቡን በኢፕስዊች ላይ አስቆጠረ። ክለቡ ወርዷል፤ ከወረዱት መካከል እርሱም አለበት። ደጋፊው ግን ተነስቶ አጨበጨበለት። በአሰልጣኞች ክልል ቆሞ የነበረው ሰው ከ40 ቀን በኋላ፣ ጁን 27፣ ከሌስተር ጋር ተለያየ፤ የከተማው ደጋፊም ለምን ሄደ ብሎ አልጠየቀም።